የአራት ሌሊት ሐላል

ልጄ ኤዝጊ ከኢዝሚር ደውላ «እማዬ፣ አንቺንና አባዬን በመርከብ ደሴት ለደሴት ላዞራችሁ ነው» ስትለኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅኳት የመርከቡን ዕድሜ ነው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለችኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ልጅነት ነው። የእኛ ፍሪጅ ግን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሥሩ ውሃ ማፍሰስ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። ይህንኑ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ፍሪጅና መርከብ ምን አገናኛቸው?»

«ሁለቱም ብረት ናቸው» አልኳት።

የተጋባንበትን ሠላሳኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ ነው። መርከቡ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከኩሻዳሲ ወደብ ይነሳል፤ ሮዶስን፣ ቀርጤስንና ሳንቶሪኒን አዙሮ አርብ ጠዋት እዚያው ይመልሰናል። አራት ሌሊት ባህር ላይ ማደር ማለት ነው። እኔ ናዚሊ ተወልጄ፣ ሁለተኛ ደረጃን ናዚሊ ጨርሼ፣ ናዚሊ ያገባሁ ሰው ነኝ። ባህሩ ከእኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በየበጋው እንሄዳለን፤ ከጉልበቴ በላይ ግን ገብቼ አላውቅም። ከጉልበት በላይ ያለው ባህር ምን እንደሚሠራ በዜና አይቻለሁ።

ባለቤቴ ሪድቫን ምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወሬውን ስነግረው «ጥሩ ነው» አለና ሻዩን ጠጣ። ሐኪሙ ኩላሊትህ ውስጥ ጠጠር አለ ባለው ቀንም «ጥሩ ነው» ነው ያለው።

ኤዝጊ መያዝ ያለብንን ነገር በስልክ ጽፋ ላከችልኝ። የዋና ልብስ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ለራት የሚሆን አንድ ደህና ቀሚስ ይላል። ሳነበው ይህች ልጅ እኔ ቤት አይደለም እንዴ ያደገችው አልኩ። ፊሽካ የለበትም። ባትሪ የለበትም። ውሃ የማያስገባ የመታወቂያ ቦርሳ የለበትም። ሁሉንም ራሴ ገዛሁ። ሦስት ኪሎ ደረቅ በለስም ጨመርኩ፤ መርከቡ ላይ ምግብ በቀን አምስት ጊዜ እንደሚቀርብ ሰምቻለሁ፣ የነፍስ አድን ጀልባ ላይ ግን ስንት ጊዜ እንደሚቀርብ የሚናገር ሰው አላገኘሁም።

የመኝታ ክፍላችን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮት የለውም።

«መስኮት ከሌለው ውሃ ሲገባ በምን እናየዋለን?» ብዬ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ውሃ አይገባም።»

«ሲገባ ነው ያልኩት።»

«አባዬን አገናኚኝ» አለች።

የሪድቫንን የደም ዓይነት በውስጥ ሱሪዎቹ ወገብ ላይ በቀይ ክር ጠለፍኩለት። አራቱን ጨርሼ አምስተኛው ላይ ስደርስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ሸሚዙ ላይ ቢሆን አይሻልም?» አለኝ።

«ሸሚዝ ውሃ ውስጥ ይወልቃል።»

«ሱሪውስ?»

«ሱሪውም ይወልቃል። ይሄ ግን እስከ መጨረሻው አብሮህ ይቆያል።»

ጥቂት አሰበና «ጥሩ ነው» አለ።

ከዚያ ወደ ቤቱ ዞርኩ። እኛ ብንቀር ይህን በር መጀመሪያ የሚከፍተው ለቅሶ ደራሽ ነው። ለቅሶ ደራሽ ደግሞ አልቅሶ ሲያበቃ ኩሽና ይገባል። ስለዚህ ምድጃውን ከግድግዳ አስነስቼ ኋላውን ፈገፈግኩት። መጋረጃዎቹን አውርጄ አጠብኩ። ለቅሶ ቤት ለሚማሰለው ጣፋጭ፣ ለሐላዋው፣ የሚሆነውን ሰሞሊና የሚባል ሻካራ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ ሰዎች ፍለጋ እንዳይደክሙ የፊተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ኤዝጊ ሐላዋ ማማሰል ስለማታውቅ አሠራሩን በወረቀት ጻፍኩና ሰሞሊናው ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ «እሳቱን አታብዢው፣ አትቸኩዪ፣ እናትሽ» አልኩበት። ሳነበው ትንሽ አለቀስኩ፤ ጥሩ ጽሑፍ ነበር።

የቀረኝ ሐላል መባባሉ ነው። እኛ ዘንድ ለሐጅ የሚነሳ፣ ውትድርና የሚገባ፣ ቀዶ ጥገና የሚተኛ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚያውቃቸውን እየዞረ «ሐቅሽን ሐላል አድርጊልኝ» ይላል። አውቆም ይሁን ሳያውቅ የበደለው ካለ ይቅር እንዲባል ነው። «ሐላል ይሁን፣ አንተም ሐላል አድርግልኝ» ይሉታል፤ በዚያው ያልቃል። ለአራት ሌሊት ሽርሽር ሐላል ሲል የዞረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ውሃው ግን ለስንት ሌሊት ነው የመጣችሁት ብሎ አይጠይቅም።

ከሁሉም በላይ የምፈልገው የአንድ ሰው ሐላል ነበር፤ የታላቅ እህቴ የእትዬ ነባሃት። ሶኬ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትተዳደራለች። ከተነጋገርን ስድስት ዓመት ሆኖናል።

እናታችን በመጨረሻዋ ዓመት እኔ ቤት ነበረች። አንድ ቀን አፏን ከፍታ ተኝታ አየኋትና ለእትዬ ነባሃት ደወልኩ። «ድረሺ፣ እማማ እያለፈች ነው» አልኳት። ሱቋን ዘግታ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። ስትደርስ እማማ ሾርባ እየጠጣች ጨው አነሰው ትላለች። ሁለተኛ ጊዜ እማማ ሁለት ቀን ሳትበላ ስትቀር ደወልኩ፤ እትዬ ነባሃት ስትደርስ ኬክ እየበላች ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ከሞተ አባታችን ጋር ስታወራ ሰምቼ ደወልኩ። እትዬ ነባሃት መስከረም ላይ፣ ሃምሳ ዩኒፎርም ጠረጴዛዋ ላይ ትታ መጣች። እማማ ቴሌቪዥን እያየች ስቃ ተቀበለቻት። ያን ቀን እትዬ ነባሃት በሩ ላይ ቆማ «ከእንግዲህ ሞታ ካልሆነ እንዳትደውዪልኝ» አለችኝ።

ከወር በኋላ አንድ ማክሰኞ፣ ከቀትር ጀምሮ የእማማ ትንፋሽ ተለወጠ። ስልኩን በእጄ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይሄም እንደ በፊቱ ያልፋል አልኩ። በሕይወቴ ነገሩ ወደ ደህና ይሄዳል ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የአሱር ሶላት ሰዓት ሳይደርስ ሞተች። ያኔ ደወልኩ። እትዬ ነባሃት ቀብሩ ላይ ከሴቶቹ ሁሉ ርቃ ቆመች፤ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ለሷ ለመደወል ሦስት ጊዜ ቁጥሯን ነክቼ ሳይጠራ ዘጋሁት። ስለዚህ ከቀላሎቹ ጀመርኩ። ልንሄድ ስድስት ቀን ሲቀረን፣ ማክሰኞ ዕለት የሕንፃችንን አምስቱንም ፎቅ አዳረስኩ። ረቡዕ ዳቦ ቤቱን፣ ሥጋ ቤቱን፣ የልጄን የድሮ አስተማሪ። ሐሙስ ገበያ ላይ አይብ የምትሸጥልኝን ሴትዮ፤ አይቡን ሳልገዛ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እየቀመስኩ እንዳለፍኩ ነግሬያት ሐላል አድርጊልኝ አልኳት። «እኔም ሳየው ነበር፣ ሐላል ይሁን» አለችኝ። አንዳንዱ ሰው «ምነው በደህናሽ ነው?» ሲለኝ «ሰው ነን፣ ነገን ማን ያውቃል» ብዬ አልፈዋለሁ። ስለ መርከቡ አላወራሁም። ከነገርኳቸው ውስጥ አንዱ ዓይኑ ክፉ ቢሆን በቂ ነው።

መድኃኒት ቤትም ገባሁ። ለማቅለሽለሽ ያላትን ኃይለኛ መድኃኒት እንድትሰጠኝ ሴትዮዋን ለመንኳት።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚወስዱት?» አለችኝ።

«ብዙም አይቆይም» አልኳት። «አንቺም ሐላል አድርጊልኝ፤ ባለፈው ዓመት ስለ ሳሉ ሽሮፕ ጮኼብሻለሁ።»

ተነስታ ዞራ መጥታ አቀፈችኝ። ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ሻንጣውን ከፍቼ በለሱን ከየት ብከተው ይሻላል እያልኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ከሥራችን ያለችው ጎረቤቴ ሙዘየን ናት፤ አይብ በሊጥ መሃል የተጋገረበት ቦረክ በትልቅ ትሪ ይዛለች። ከአንድ ቀን በፊት አራተኛ ፎቅ ያለችው ዶልማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሾርባ አምጥተው ነበር። ሰው መንገደኛ መሆኔን ሳልናገር በምን አወቀ ብዬ ተገርሜያለሁ።

«በልተሻል ሹክራን?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው።

«በልቻለሁ።»

«በግድ ነው ወይስ አፍሽ ይቀበላል?»

«ደህና አድርጎ ይቀበላል። ኧረ ምን ሆነሻል?»

«የአጎቴን ልጅ ስድስት ወር ነው የቀረህ ብለውት ሁለት ዓመት ኖሯል። ሐኪም ሁሉን አያውቅም። በርቺ።»

ትሪውን ተቀበልኳትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «ሙዘየን፣ ማን ነው የሚሞተው?»

«እሱን እንኳ አልነገሩሽም?» ብላ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ስለ ማቅለሽለሹ ለዳቦ ቤቱ ሚስት ነግራለች። የዳቦ ቤቱ ሚስት መክሳቴን አይታለች፤ እኔ ግን ሦስት ኪሎ ጨምሬያለሁ። መጋረጃ ማጠቤን፣ ምድጃ ማስነሳቴን፣ የበረንዳ አበባዎቼን ለሙዘየን ማደሌን ደምሮ ሠፈሩ ፈርዶብኛል። እውነቱን ነገርኳት። መርከቡን፣ ደሴቶቹን፣ አራቱን ሌሊት ነገርኳት። ሙዘየን ሻንጣውን አየች፤ ከላይ ባለ ነጠብጣቡ የዋና ልብሴ ነበር።

«ለሽርሽር ነው ሐላል ያስባልሽኝ?» አለች።

«ለባህር ነው።»

«እኔ እኮ ከማክሰኞ ጀምሮ እያለቀስኩ ነው። ለሚሞት ሰው የሚቀራውን ያሲን እንኳ አስቀርቼልሻለሁ።»

«እሱ አይጠፋም፣ ይጠቅመኛል።»

«ሐላሌን መልሺልኝ።»

«ቦረኩንስ?»

«ቦረኩ ተቆርጧል፣ ብዪው። አበባዎቹን ግን አልመልስም፤ አንዱ ማበብ ጀምሯል።»

በዚህ መሃል ሪድቫን ከመኝታ ቤት ወጥቶ ቦረክ አነሳ። አንተ ይሄን ሰምተሃል ወይ አልኩት።

«ረቡዕ ዕለት ሻይ ቤት ነግረውኛል» አለ እያኘከ።

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«ምንም። ዳማ እየተጫወትን ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ አንድም ጨዋታ አልተሸነፍኩም። ጡረታ የወጣው ዳኛ እንኳ ንጉሡን እያየ ይተውልኛል። እስከ ሰኞ ይቆይ ብዬ ነው።»

ሙዘየን ልትወጣ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሶኬ ያለችው የወንድሜ ልጅ» አለች፣ «ሱቋ ከእህትሽ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ትናንት ማታ ደወልኩላት። እህትማማቾች ሳይተያዩ ቢለያዩ ኃጢአቱ የእኔ ነው ብዬ፣ ለነባሃት ንገሪያት አልኳት።»

«ምን ነገረቻት?»

«እያለፍሽ መሆኑን።»

«ነባሃትስ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም አሉ። መቀሷን አስቀመጠች።»

ሙዘየን ከሄደች በኋላ ስልኬን ይዤ ሻንጣው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስቱን ጊዜ በውሸት የጠራኋት እኔ ነኝ። ይሄ አራተኛ ሆነ። ከዚህ በኋላ ሐላል ይቅርና ስሜንም አትጠራም። ሳትነሳ ልድረስባት ብዬ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። አውቶቡስ ላይ ስልክ እንደማታነሳ አስታወስኩ፤ ሰው ሁሉ ይሰማኛል ትላለች።

እኩለ ቀን ሳይሆን ደረሰች። በሩን ስከፍት ጥቁር መሐረብ አስራ፣ አንድ ቦርሳ ይዛ ቆማለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ቆመሻል» አለችኝ።

«ቆሜያለሁ እትዬ።»

«ወፍረሻል።»

«ሦስት ኪሎ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ የተባባልነው ይህን ነው። አልፋኝ ገባች። ሳሎኑ መሃል ሻንጣውን ስታይ ቆመች። ባርኔጣውን፣ ባለ ነጠብጣቡን የዋና ልብስ፣ በገመድ የታሰሩትን ሁለት ፊሽካዎች፣ በለሱን ተራ በተራ አየች።

ሪድቫን ተነስቶ እጇን ጨበጠ። «እንኳን ደህና መጣሽ እትዬ ነባሃት። ሻይ ላምጣልሽ?»

«እዚህ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚሞተው?» አለችው።

«እስከ ሰኞ ማንም» አለ። ኮቱን አነሳና «አንድ ጨዋታ ቀርቶኛል» ብሎን ወጣ።

ስለ መርከቡ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ሐላል አድርጉልኝ እያልኩ ስለመዞሬ፣ ስለ መድኃኒት ቤቷ፣ ስለ ሙዘየን ነገርኳት። ጨርሼ ዝም ስል ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ እንግዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ አልደወልኩልሽም እትዬ» አልኳት። «በአላህ እምላለሁ፣ ይሄኛውን እኔ አልደወልኩም።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንቺ ብትደውዪ ኖሮ ደግሞ ጀመራት ብዬ ስፌቴን እቀጥል ነበር። አንቺ ስላልደወልሽ ነው ያመንኩት።»

ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ። ኩሽና ስገባ ተከትላኝ መጣች፤ ፊት ለፊት መደርደሪያው ላይ ያለውን ሰሞሊና አየችና ወረቀቱን አነበበች።

«ይሄን ለኤዝጊ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ወተቱን የት ረሳሽው? እማማ ግማሹን በወተት ነበር የምትሠራው።»

«ወተት ፍሪጅ ውስጥ አይቆይም ብዬ ነው። ለቅሶው መቼ እንደሚሆን አይታወቅም።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች። ወረቀቱን መልሳ ለጠፈችው።

ሻዩን ይዘን ተመለስን። ስኳሯን ሁለት አድርጌ አቀረብኩላት፤ አንዱን አወጣችና ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ስኳር መቀነሷን አላወቅኩም። ስድስት ዓመት ብዙ ነው። ቁጥሯን ነክቼ እንደተውኩት እንዳይሆን፣ አሁን ካላልኩ አልልም አልኩና ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ያን ማክሰኞ ከቀትር ጀምሮ አውቅ ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ እጄ ላይ ነበር። ብደውል ትደርሺ ነበር። ያንን ሐላል አድርጊልኝ።»

ሻዩን አማሰለች። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ማማሰሏን አላቆመችም።

«በመጨረሻ ምን አለች?» አለችኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ውሃ አለች። ሰጠኋት። ከዚያ የነባሃት አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው አለችኝ።»

እትዬ ነባሃት ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ምን አልሻት?»

«አሁን ይደርሳል አልኳት።»

በረንዳው ላይ የታጠበው መጋረጃ ይንቀሳቀሳል። ከሥራችን ሙዘየን ስልክ ላይ ስትጮህ ይሰማል፤ ለአንድ ሰው አለመሞቴን እየነገረች ነው፣ በጣም ተናዳለች።

«ሞታ ካልሆነ አትደውዪልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች እትዬ ነባሃት። «በዚያ በር ላይ ቆሜ ነው ያልኩሽ። ስድስት ዓመት አንቺ እንድታነሺው ጠበቅኩ። ‹አንቺ ነሽ እኮ ያልሽኝ› ትዪኛለሽ፣ እኔም እጮህብሻለሁ፣ ይወጣልናል ብዬ። አንቺ ግን ለማንም አልነገርሽም።»

«ምን ብዬ ላንሳው? አንቺ አልሽ፣ እኔ እንዳልሽው አደረግኩ።»

«ሌላ ጊዜ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? ባቡር የሚነዳ ሰው አታግቢ ብዬሽ አልሰማሽኝም።»

«እሱ አልነዳም፣ ትኬት ነው የሚቆርጠው።»

«ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ሰማሽኝ» አለች። መሐረቧን ፈታችና መልሳ አሰረችው። «እኔም የምጠይቅሽ አለ እንግዲህ። መጀመሪያ ግን የአንቺን ልመልስልሽ።»

ተነስታ ቆመች። እጆቿን ከፊቷ አንዱን ባንዱ ላይ አደረገች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። በዚያ ጥቁር መሐረብ፣ እንደዚያ ቀጥ ብላ ስትቆም የእማማ ቀብር ቀን ፊቴ መጣ። ኢማሙ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ሐቃችሁን ሐላል ታደርጉላታላችሁ ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆ፣ ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ ሐላል ይሁን ብሎ፣ ከዚያ አንስተው ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ከእማማ ጋር የሚነጋገረው ነገር የቀረው ሰው አልነበረም። እትዬ ነባሃት አፏን ስትከፍት ተስፈንጥሬ በእጄ ያዝኩት።

በጣቶቼ መሃል አየችኝ። እጄን ከአፏ ላይ አነሳችው።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የጠየቅሽኝ?»

«ጠይቄያለሁ። አሁን ግን አትስጪኝ።»

«አብደሻል?»

«ዳቦ ቤቱ ሰጥቶኛል፣ ሥጋ ቤቱ ሰጥቶኛል። የአይቧ ሴትዮ ሰጥታኛለች። የቀረኝ ያንቺ ብቻ ነው። እሱን ከሰጠሽኝ ሁሉን ጨርሼ ነው መርከብ ላይ የምወጣው። ሁሉን የጨረሰ ሰው ምን ይመልሰዋል?»

እትዬ ነባሃት ወንበሯ ላይ ተመለሰች፤ አሁን ጫፉ ላይ ሳይሆን እስከ ኋላው። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አደረገችው።

«ታዲያ መቼ ልስጥሽ?»

«አርብ። ስንመለስ።»

ይህን ስል ራሴን ሰማሁት። ሳምንቱን ሙሉ «ብንመለስ» ነበር የምለው።

«የእኔንስ?» አለች።

«ያንቺንም አርብ እሰጥሻለሁ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት ኩሻዳሲ ወደብ።»

«ከሶኬ የመጀመሪያው ሚኒባስ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይነሳል። እመጣለሁ። ወደቡ በር ላይ ታገኚኛለሽ።»

«ቢዘገይስ?»

«ሚኒባሱ?»

«መርከቡ።»

«እጠብቃለሁ።»

«ብዙ ቢዘገይስ?»

«ሹክራን፣ ሥራዬን ይዤ እመጣለሁ። ቁልፍ ስተክል እውላለሁ።»

«በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ፀሐይ ላይ ነው። ራስሽን ያምሻል።»

«ጃንጥላ አለኝ» አለች፤ ቦረኩን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ቁራጭ በላች፣ ሁለተኛ አነሳች። ሙዘየን አይብ ታበዛለች አለች። እኔ ደግሞ የሶኬን መንገድ አሰብኩ፤ ወደ ባህሩ ሲወርድ ያለውን መታጠፊያ፣ የጠዋቱን ጭጋግ፣ እንቅልፍ ያልጠገበውን ሾፌር። ያ ሚኒባስ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ልጠይቃት ነበር። እሷ ግን እያኘከች ነበር፤ ተውኩትና ሻይዋን በአንድ ስኳር ደገምኩላት።